የሐጃ ጣሪያ፣ የእኛ ጉድጓድ

ባለቤቴ የታሪክ መምህር ነው። ከታሪክ መምህር ጋር ትዳር የያዘች ሴት ትረዳኛለች። ሽንኩርት ስትከትፊ ስለ ፈርዖን ይነግርሻል፣ ልብስ ስታሰጪ ስለ ፋርስ ነገሥታት። ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ ስለ ጥንት ሰዎች የቀብር ሥርዓት ካላወራ አይሆንለትም። እኔ ደግሞ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ጆሮዬ ላይ ሲንጫጫብኝ ውሎ ቤቴ ስገባ የምፈልገው ጸጥታ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ አፍህ አይደክመውም?» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል፣ እኔም እስቅ ነበር። አሁን እንዲያ ብዬ መጠየቁን ትቻለሁ።

ቤታችን አሶሳ ውስጥ ከፍ ካለው ሰፈር ነው። ቧንቧ አለን፤ ውሃው ግን ዳገት አይወድም። ክረምት ሰማዩ ተቀዶ ሲወርድ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ባጃጁ ሲንሸራተት፣ እኛ ባዶ ጄሪካን ይዘን ውሃ ፍለጋ እንዞራለን። በጋማ አይወራም። ይህን ሁሉ ዝናብ እግዜር የሚያወርደው ለሱዳን ነው ወይ እያልን እንቀልድ ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ ሐጃ አሉ። ስማቸው ሌላ ነው፤ መካ ደርሰው ከመጡ ወዲህ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ነው የሚላቸው። በርታ ናቸው፣ የአገሩ ባለቤት። እኛ ሰፋሪዎች ነን፤ ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ ቀሩ። የሐጃ ባል ነጋዴ ነበሩ፤ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ሠርተውላቸው ሞቱ። ልጆቻቸውም በየአገሩ ተበተኑና ሐጃ በዚያ ትልቅ ቤት ብቻቸውን ቀሩ። ብቻቸውን ስል ለአዳር ነው እንጂ በቀን ሰው አጥተው አያውቁም። በየጁምዓው ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ በርታ ሴቶች ቤታቸው ተሰብስበው ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ እየጠጡ ሲስቁ እኔ ጓዳ ድረስ ይሰማል። ረመዳን ሲገባም የሚያፈጥሩት እዚያው ነው። ባል የሞተባትም፣ ልጅ የራቀባትም፣ ሁሏም በሐጃ ምንጣፍ ላይ የራሷ ቦታ አላት። እኔንም ይጠሩኛል። «ቢንቲ፣ ና!» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ለሳቸው ሁላችንም «አንተ» ነን።

አንድ የበጋ ቀን ሐጃ ጄሪካን ተሸክመው ሲገቡ በራቸው ላይ ወደቁና ዳሌያቸው ተጎዳ። ባምባሲ ከተማ የሚነግደው የበኩር ልጃቸው ሰምቶ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እናቱን ይወዳል፤ ስለሚወዳቸውም ቁርጡን ነገራቸው። ወይ ግቢያቸው ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ወይ ቤቱን ዘግተው አብረውት ባምባሲ ይገባሉ። ሐጃ «ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው» አሉ። ተጨቃጨቁ፣ ሽማግሌ ገባ። በመጨረሻ ልጅየው እስከሚቀጥለው ዓመት ረመዳን ጊዜ ሰጥቷቸው ሄደ።

ይህን ለባለቤቴ እራት ላይ ነገርኩት። ጉርሻውን ሳይውጥ ተነሣ።

«ሮማውያን!» አለ።

«ደግሞ ሮማውያን ምን አደረጉ?»

ሮማውያን፣ አለኝ፣ ውሃ ከተራራ በቦይ ስበው ከማምጣታቸው በፊት የሚጠጡት ዝናብ ነበር። የቤታቸው ጣሪያ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ መሐሉ ላይ ሰማይ ይታያል። ዝናቡ በዚያ ይወርድና ከሥር ካለች ዝቅ ያለች ገንዳ ይገባል፣ ከገንዳዋ ደግሞ ከወለሉ በታች ወደተቆፈረ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ክረምት የጣለውን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠው በጋ ይጠጡታል። ከአንዳንድ ከተሞቻቸው ሥርማ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል፣ ምሰሶ የተደረደረበት የውሃ ቤት ነበረ። ከጉድጓዱ አፍ ላይ የሚያስቀምጡት እብነ በረድ እስከ ዛሬ ገመድ የሞረደው ጎድጓዳ መስመር አለበት፤ ስንት ሴት ቀድታበት ይሆን አለ። ስለ ጠፈጠፍ እንኳ ሕግ ነበራቸው። የአንዱ ጣሪያ ውሃ በሌላው ግቢ እንዲወርድ ጎረቤትና ጎረቤት ይዋዋሉ ነበር።

«አየሽ፣ የእኛ ጣሪያ ጠባብ ነው፣ የሐጃ ሰፊ ነው። የሐጃ ግቢ ቋጥኝ ነው፣ የእኛ ይቆፈራል። የሳቸው ጣሪያ፣ የእኛ ጉድጓድ!»

እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁበት። ከዚያ ሁሉ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠጣ ነገር ወጣ። ሐጃም ሲነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ኡስታዝ፣ አንተ እብድ ነው!» አሉት። በማግሥቱ በመካከላችን ካለው አጥር አንዱን ጎን ራሳቸው አስፈረሱ።

ጉድጓዱ ድንበሩ ላይ ተቆፈረ፤ አፉ መሐል ላይ ሆኖ እሳቸው ከዚያ፣ እኛ ከዚህ እንድንቀዳ ነው። ግድግዳው በድንጋይ ተገነባ። ትልቁ ነገር ልስኑ ነበር። ሮማውያን ውሃ እንዳያሳልፍ ኖራው ላይ የተፈጨ ሸክላ ይጨምሩ ነበር ብሎ ባለቤቴ በየደረሰበት አወራ፤ ሰፈሩም ገሉን ይዞ መጣ። የተሰበረ ድስት፣ የተሰነጠቀ እንስራ፣ የጡብ ስብርባሪ ግቢያችን ውስጥ ተከመረ። ሐጃ አፉ የተሸረፈውን ዚራቸውን፣ ያን ውሃ የሚያቀዘቅዙበትን ትልቅ ማሰሮ ሰጡ። የጁምዓ ሴቶች ሙቀጫቸውን ይዘው መጥተው እየዘፈኑ ወቀጡ፣ እኔ በወንፊት ነፋሁ። ሁላችንም ቀይ አቧራ ለብሰን አንዷ ሌላዋን እያየች ሆዳችን እስኪታመም ሳቅን። እንደዚያ ቀን የሰፋሪ ልጅ መሆኔን ረስቼ አላውቅም።

ማእዘኑ ሁሉ ክብ ተደርጎ ተለሰነ፤ ቀጥ ያለ ማእዘን ይሰነጠቃል፣ ሲያጥቡትም አይመችም። በመጨረሻ ልስኑ በዘይት መታሸት ነበረበት። ሐጃ ከጓዳቸው የሰሊጥ ዘይት አወጡ። ራሴ ወርጄ አሻለሁ ብለው ሲነሡ፣ «ኧረ ሐጃ፣ በዚህ ዳሌዎ!» ብዬ እኔ ወረድኩ። እሳቸው ከላይ ተንበርክከው ዘይቱን እያቀበሉኝ፣ «እዚህ ጋ ቀረ፣ እዚያ ጋ ቀረ» ሲሉኝ ዋሉ። ክንዴ እስኪዝል አሸሁት። ከዚያ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን ዝናቡን ጠበቅን።

የግንቦቱ የመጀመሪያ ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ እንዲሄድ ወደ ውጭ ለቀቅነው። ከዚያ አሸንዳውን ወደ ጉድጓዱ አዞርን። ሐምሌ ላይ እስከ አንገቱ ሞላ። ሐጃ ክዳኑን አንሥተው ጎንበስ ብለው አዩ፤ ውሃው ጥቁር ሆኖ ፊታቸውን መለሰላቸው። አንድ ኩባያ ቀድተው ጠጡና አለቀሱ። «ቢንቲ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እዚህ እሞታለሁ!» አሉኝ። ስለ ሞት እንደዚያ ደስ ብሎት ያወራ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሴቶቹም ጠጡት። ሐምሌን ሙሉ በየጁምዓው ከርከዴው የሚዘፈዘፈው በዚያ ውሃ ነበር። የቧንቧው ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ይኼ ግን ጣፋጭ ነው ይሉ ነበር። ልጅየውም ከባምባሲ መጥቶ አይቶ፣ ባለቤቴን አቅፎ አመሰገነው። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

አልቆመም። ነሐሴ መጨረሻ እሑድ ቀን እናስመርቀው ተባለ። እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ መሶብ እንዲበላ ሥጋ አልሠራንም፤ ዳቦና የበቆሎ እሸት ነበር። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ መረቁ፣ ለሁሉም ከጉድጓዱ ውሃ ተቀዳ። ባለቤቴ ሊያመሰግን ተነሣ። አመስግኖ ቢቀመጥ ምን ነበረበት! ከምስጋናው ቀጥታ ሮማ ገባ። ስለ ጣሪያው አወራ፣ ሰው ወደደለት። ስለ ጠፈጠፉ ሕግ አወራ፣ አጨበጨቡለት። ጭብጨባ ሲያገኝ ደግሞ እሱን ማን ያቆመዋል?

«የሚገርማችሁ ነገር» አለ፣ «ሮማውያን ይህን ልስን የሚያጠነክሩት በምን ይመስላችኋል? ኖራውን በወይን ጠጅ ያጠፉና ከበለስና ከአሳማ ስብ ጋር ይወቅጡት ነበር! እኛ ግን በዚያ ፋንታ የሐጃን የሰሊጥ ዘይት...»

ማጨብጨቡ ቀርቶ ሁሉም የያዘውን ብርጭቆ አየ።

ቃሉን ማንም አላጣመመበትም። «እኛ ግን» ያለውን ሁሉም ሰምቷል፤ ገሉን የወቀጡት ራሳቸው ናቸው፣ ዘይቱ ሲወጣ ቆመው አይተዋል። ነገሩ የማመንና ያለማመን አይደለም፣ የጉሮሮ ነው። እዚህ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይነካም፤ ስሙን ሰምቶ የሚተፋ አለ። ያ ስም ሰው ሊጠጣ በያዘው ብርጭቆ ላይ ተጠራ። አንዷ ሴት ብርጭቆዋን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። ከጎኗ ያለችው ተከተለች። እናቴ፣ የገዛ እናቴ፣ ዳቦዋን ብቻ ይዛ ፊቷን አዞረች። እኔም ብሆን፣ ያን ዘይት በእጄ ያሸሁት ሴትዮ፣ አፌ የያዘውን ውሃ ለመዋጥ ታገልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል የአገሬ ሰው፤ ቃሉ ወጥቶ አፋፉ ላይ ቆሞ ሁላችንንም ሲያየን ነበር።

በሳምንቱ ሐምሌን ሙሉ የጠጣነው ነው ብላ ሆዷን ያመማት ተገኘች። ባለቤቴ ደነገጠ። ቤት ለቤት እየዞረ ሊያስረዳ ተነሣ። አይ የሱ ነገር! «የአሳማ ስብ የለበትም» ብሎ ለማስረዳት በገባበት ቤት ሁሉ አሳማውን ይዞት ይገባል። ረስተውት የነበሩትንም አስታወሳቸው። «በእግዚአብሔር፣ ተቀመጥ፣ ዝም በል» ብዬ ለመንኩት። ቄሱ ጸበል ልርጭበት ቢሉ፣ «ኧረ አባቴ፣ ያን ጊዜማ ጭራሽ እስላም አይነካውም!» ብዬ መለስኳቸው። ሼሁ ግን ትልቅ ሰው ናቸው። ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት መጥተው፣ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ሐላል ነው ብለው ራሳቸው ግጥም አድርገው ጠጡ። ሴቶቹ አመሰገኑ፣ ተሳለሙ፣ ሄዱ። «እሳቸው ሼህ ናቸው፣ አላህ ያስችላቸዋል» አሉ እንጂ ማንም አልቀዳም። ለልብስ ማጠቢያ የወሰደች አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ሁለተኛ አልመጣችም።

ሐጃ ይስቁ ነበር መጀመሪያ ላይ። «ዘይቱ የኔ ነው፣ እኔ አላውቅም?» ይሉና ይጠጡታል፣ ይታጠቡበታል፣ ለሶላትም ውዱእ ያደርጉበታል። ውሃ አላቸው። ዳሌያቸው እየዳነ ነው። ልጅየው ቃሉን ጠብቋል። የቀረው ሰው ነው። መጀመሪያ፣ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ የሚመጡት ሴቶች ብርጭቆ ሲቀርብላቸው ጾመኛ ነኝ፣ ሆዴን አሞኛል ማለት ጀመሩ። ከዚያ ለአፍታ ብቅ ብለው ሰላም ብለው መሄድ አመጡ። ቀጥሎ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ብርጭቆው ተደርድሮ፣ ሐጃ ብቻቸውን ተቀምጠው አየኋቸው። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እኔ ግን ማን ነኝ? ሳቃቸውን የሚያውቁት፣ ወጣትነታቸውን የሚያውቁት እነዚያ ናቸው። በቋንቋቸው የሚያንሾካሹክ ሰው ቤት ውስጥ ጠፋ። እኔ ጓዳ ድረስ ይሰማ የነበረው ሳቅ ሲቀር፣ ያ የለመንኩት ጸጥታ መጣልኝ። አልፈለግሁትም።

«ሐጃ» አልኳቸው አንድ ቀን፣ «ለእንግዳ ብቻ ከባጃጅ ላይ አንድ ጄሪካን ውሃ ይግዙ። ሴቶቹ እያዩ ከሱ ይቅዱላቸው፣ ከጉድጓዱ አይቀዳ። ምን አለበት?»

ተቆጡኝ። እንደዚያ ተቆጥተውኝ አያውቁም። «ንጹሕ ውሃ ቤቴ አስቀምጬ ሌላ ውሃ ልግዛ? እኔ ራሴ ቆሻሻ ነው እንድል ነው? አንተ ደግሞ፣ ቢንቲ!»

አፈርኩ። ልክ ናቸው። አንድ ጄሪካን ቢገዙ፣ አሳማው እውነት ሆነ ማለት ነው።

ረመዳን ሊገባ ሲቃረብ ልጅየው መጣ። ለመጠየቅ ነው የመጣው፣ ሊወስዳቸው አይደለም፤ ውሃውማ እስከ ግማሽ አለ፣ በጋውን ያሻግራል። ሐጃ ግን አስቀመጡትና የሆነ ነገር በበርታ ነገሩት። ከዚያ በፈረሰው አጥር በኩል ወደ እኔ መጡ።

«ዛሬ ጁምዓ ነው። ሁሉንም ጠርቻለሁ» አሉኝ። «ከዚህ ውሃ ዓይናቸው እያየ ቀድቼ ከርከዴ እሰጣለሁ። አንድ ሰው ከጠጣ እቀራለሁ። ማንም ካልጠጣ ከልጄ ጋር እሄዳለሁ። ረመዳንን ብቻዬን አላፈጥርም።»

«ሐጃ፣ ልንገራቸው! ይህን ቢያውቁ ይጠጣሉ!»

«ወላሂ፣ እንዳትነግር» ብለው ክንዴን ያዙኝ። «ለኔ ብሎ የሚጠጣ ሰው ቤቱ ሲገባ ይተፋል። እኔ ደግሞ አውቃለሁ።»

«እኔስ? እኔ እጠጣለሁ።»

«አንተ አትቆጠርም» አሉ፤ ፈገግ አሉ። «ጉድጓዱ ያንተ ነው።»

ሁሉም መጡ። ሐጃ ጠርተዋቸው እንዴት ይቀራሉ? ባለቤቴ ቤታችን ውስጥ ሆኖ መስኮቱን ዘግቷል፤ ድምፁን እንኳ እንዳይሰሙት ይመስለኛል። ሐጃ ክዳኑን አነሡ፣ ባልዲውን ጣሉ፣ ቀዱ። የከርከዴውን አበባ በፊታቸው ዘፈዘፉ። እስኪቀላ ድረስ ስለ ልጆች፣ ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ሙቀቱ ተወራ። ከዚያ ስኳር ጨምረው በየተራ ሰጡ። ሁሉም በሁለት እጇ እያመሰገነች ተቀበለች። እኔ ወዲያው ጠጣሁ፤ ድምፅ እያሰማሁ ጠጣሁ። ማንም አላየኝም።

በሐጃ ቀኝ የምትቀመጥ አንዲት ሴት አለች፤ ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፣ ከእህት ይበልጥ ይቀራረባሉ። እሷ ብርጭቆውን አነሣች። ከንፈሯ ላይ አደረሰችው። «በይ፣ በይ እናቴ» አልኩ በሆዴ። ሐጃ አያዩዋትም፤ ምንጣፉ ላይ የሌለ ነገር በእጃቸው ይጠርጋሉ። ሴትዮዋ ከንፈሯን አረጠበች። ብርጭቆውን እንደሞላ አስቀመጠችው። ከዚያ ማንም ያላየ መስሏት በተከናነበችው ቶብ ጫፍ ከንፈሯን ጠረገች።

ሐጃ ለልጃቸው በዓይናቸው ምልክት ሰጡት፤ እሱም ተነሥቶ ሻንጣውን ወደ መኪናው ማውጣት ጀመረ። ለካ አሰናድተው ነበር። ሴቶቹ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግቢው ለቅሶ ቤት ሆነ። አቀፏቸው፣ ልብሳቸውን ይዘው አንለቅም አሉ። በሐሰት አልነበረም፤ ከልባቸው ነው ያለቀሱት። እስከ መኪናው ድረስ ተከተሏቸው። ምንጣፉ ላይ ከርከዴው በየብርጭቆው ሞልቶ ቀረ።

ሐጃ መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ያች አብሮ አደጋቸው መስኮቱን ይዛ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ በበርታ ተናገረች። ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ኖሬ እንዲህ ያለውን እሰማለሁ።

«ለምን አልነገርሽንም?» ነው ያለቻቸው። «የሚጠጣ ውሃ ተቸግረሽ ከሆነ፣ ተራ ገብተን በትከሻችን እናመጣልሽ አልነበረ?»

ሐጃ እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው እንባዋን ጠረጉላት።

«ውሃስ ነበረኝ» አሏት።